ሉዓላዊነት የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?

ልጆቼ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ፖለቲካ ሳይንስ የምትማሩ ባገኛችሁኝ ቁጥር የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። አገር ከሌሎች ጋር ኅብረት ሲገባ ሉዓላዊነቱን ያጣል ወይስ አያጣም? እንዲህ ከጠየቃችሁ ጎራ ለይቶ መጨቃጨቅ ብቻ ነው ትርፉ። ዕድሜዬን ውልና ስምምነት ሳነብ የኖርኩ የሕግ ሰው ነኝ፤ እኔ የምላችሁ ሌላ ጠይቁ ነው። ማን ይወስናል? በሙሉ ድምፅ ነው በአብላጫ? ሲጣሉስ ማን ይዳኛል?

አውሮፓን በዚህ ዓይን እዩት (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። በ1951 ስድስት አገሮች የድንጋይ ከሰልና የብረት ምርታቸውን በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር አደረጉ። ኤርንስት ሃስ የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ይህን አጥንቶ በ1958 ባወጣው መጽሐፍ፣ በአንድ ዘርፍ የተጀመረ ትብብር ሌላውን ዘርፍ እየጎተተ ይሄዳል አለ። በ1965 ግን የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል የአገሩን ተወካዮች ከስድስቱ አገሮች የሚኒስትሮች ስብሰባ አስቀረ፣ ወንበሩም ለወራት ባዶውን ቆየ። ጠቡ የተነሳው በግብርና ገንዘብ ነው፤ ሥሩ ግን በአብላጫ ድምፅ መወሰን ሊጀመር መሆኑ ነበር። በጥር 1966 ሉክሰምበርግ ላይ ፈረንሳይ «ትልቅ ጥቅሜ የተነካ እንደሆነ ሁላችንም እስክንስማማ እንነጋገር» የሚል አቋሟን አስመዘገበች፣ አምስቱ ባይቀበሉትም ለዓመታት በተግባር እንደዚያው ተሠራ። በዚያው ዓመት ሌላው ምሁር ስታንሊ ሆፍማን፣ ከሃስ በተቃራኒ፣ መንግሥታት በቀላሉ የሚሟሙ አይደሉም ብሎ ጻፈ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? መሪዎቹን ብቻ ካያችሁ ሆፍማን። እኔ ግን ሁሌም የምጠቅሰው የሚላኑን ሰውዬ ነው፤ ኮስታ ይባላል። ትንሽ የመብራት ሂሳብ አልከፍልም ብሎ ተካሰሰ፣ ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ካለው የስድስቱ አገሮች የጋራ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1964 ፍርድ ቤቱ የጋራው ሕግ ከአገር ሕግ ይበልጣል አለ። ደጎል ተወካዮቹን ከማስቀረቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው! ደግሞ በሌላ በኩል ብሪታንያ በ2016 ሕዝቧን ጠይቃ በ2020 ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች። መውጫ በር ያለው ውል ሉዓላዊነትን ጨርሶ አይውጠውም።

አሁን ወደ ቤታችን። አባይ ከሰከላ ይነሳል፣ የአባይ ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ በ2010 ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ቀረበ፣ በጥቅምት 2024 በስድስት አገሮች ማጽደቅ ሥራ ላይ ዋለ። ግብፅና ሱዳን የሉበትም። ለምን? ዋናው ሰበብ አንቀጽ 14 ፊደል «ለ» ነው። ከወንዙ በላይ ያሉት አገሮች «የሌላውን የውኃ ዋስትና ጉልህ በሆነ ሁኔታ ላለመጉዳት» ሲሉ፣ ግብፅ «አሁን ያለውን አጠቃቀምና መብት» የሚለው ይጨመር አለች። ይህ ቢጨመር ግብፅና ሱዳን ለሁለት የተከፋፈሉት የድሮው የውኃ ክፍፍል በእኛ ፊርማ በጸና ነበር። ስለዚህ ስምምነት ስታነቡ የዋሸራ ቅኔ ተማሪ አንዲት ቃል ላይ እንደሚያድር እደሩበት።

በስምምነቱ የሚቋቋመው ኮሚሽን እንዴት ነው የሚወስነው? ያንን ክፍል አስምራችሁበት ኑ፤ ከዚያ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።