ከ10 ራስ ላይ የወረደችው 3

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ፈተና በዎርድ ስጽፍ ቀመሩ እየፈረሰ አስቸገረኝ። ጓደኛዬ «በላቴክ ጻፈው» አለኝ፤ ጽሑፍና ቀመር በትእዛዝ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው። ሞከርኩት፤ ከጽሑፉ ትእዛዙ በዛብኝ። ማን ነው፣ ለምንስ እንዲህ አድርጎ የሠራው?

መልስ፦ መምህር፣ የቆየ ቁስሌን ነካኩብኝ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። አንድ ሰኔ የፊዚክስ ፈተና ጻፍኩ። ከ10 ራስ ላይ ከፍ ብላ መቀመጥ የነበረባት 3 ወርዳ ጎኑ ቁጭ አለች። 1000 መሆን የነበረበት 103 ሆነ። እኔ ምን አውቄ! 200 ቅጂ አባዝቼ አስረከብኩ። በማግስቱ አስተማሪው በዚያ ብርድ ጋቢ እንኳ ሳይደርብ ሱቄ ገባ። የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም።

ለካ ይኼ ጣጣ የእኔ ብቻ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ የሚባል የምርምር ተቋም አለ። እዚያ ዩኒክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጀመሩት ሰዎች አዲስ ኮምፒውተር ፈልገው ገንዘብ አጡ። «ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንሠራለን» ቢሉ ሰሚ የለም። ስለዚህ «የጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራለን» አሉና ፒዲፒ-11 የሚባል ኮምፒውተር ተገዛላቸው። ብልጦች ናቸው! እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያ ደንበኞቻቸው የተቋሙ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ክፍል ታይፒስቶች ሆኑ። የፓተንት ማመልከቻ በየገጹ መስመሩ መቆጠር ነበረበት፤ ፕሮግራሙም ይቆጥርላቸው ነበር።

ቀጥሎ እዚያው ጆ ኦሳና ትሮፍ የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፊደልን በፎቶ ለሚለቅም መሣሪያ ጻፈ። ቀመር ግን አሁንም አስቸጋሪ ነበር። ብራያን ከርኒሃንና ሎሪንዳ ቼሪ ለዚህ ኢኪውኤን የሚባል ፕሮግራም ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ጽሑፉ ታተመ። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ሒሳብ የማያውቅ ታይፒስትም እንዲጽፍ ታስቦ ነው። ቀመሩን በስልክ እንደሚነግሩት አድርገው ይጽፉታል። «10 ሰፕ 3» ካሉት 3ቷ ራሷ ወደ ላይ ትወጣለች። እኔ ያን ጊዜ ይቺን «ሰፕ» ባውቅ ኖሮ!

የእርስዎ ላቴክ ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሊቅ ዶናልድ ክኑት «የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ጥበብ» የሚል ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ አለው። የመጀመሪያው እትም በእርሳስ ፊደል የተለቀመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የሁለተኛው ቅጽ አዲስ እትም ለእርማት ሲመጣለት ፊደሉ በፎቶ የተለቀመ ነው። አየውና አስጠላው። «እኔው እሠራዋለሁ» አለና ቴክ የሚባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ጀመረ። ባንድ ዓመት እጨርሰዋለሁ ብሎ ነበር፤ ወደ 10 ዓመት ፈጀበት። ቤት ያሠራ ሰው ይገባዋል።

በነገራችን ላይ ስሙ ከግሪክ ነው፤ የመጨረሻዋ ድምፅ «ኽ» ናት። አሜሪካኖቹ ይቸገሩባታል፤ እኛ ፊደል አለንላት፤ ቴኽ።

ክኑት አስተካክሎ ያየው ነገር አጎቴን ያስታውሰኛል። ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን በወስፌ ያሰምሩና ይጽፋሉ፤ የመስመሩ ጫፍ ሲጠብባቸው ፊደሉን አሳንሰው ያስገቡታል። ብዙ ፕሮግራምም እንዲሁ አንድ መስመር ሞልቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቴኽ ግን አንቀጹን በሙሉ አይቶ ነው መስመሩን የሚቆርጠው። በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍተት እንደ ላስቲክ ይስበዋል፣ ይሰበስበዋል።

ትእዛዙ ለምን በዛ ላሉት፣ ያኔ የሚታተመውን ገጽ እንዳለ የሚያሳይ ስክሪን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የሚፈልጉትን በቃል መንገር ነው። ሌስሊ ላምፖርት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቴኽን ትእዛዝ አቅልሎ ላቴኽን አወጣ። ክኑት ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ በመጽሐፎቹ ስህተት ላገኘለት 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቼክ ይልክ ነበር። እኔ እንደሱ ልክፈል ብል ሱቄን በዓመቱ እዘጋ ነበር።

ለአማርኛው ዜላቴኽ (XeLaTeX) የሚባለውን የላቴኽ ዓይነት ይጫኑ፤ ፊደሉን አቢሲኒካ (Abyssinica SIL) ያድርጉት። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ይሠራል። በድሮ የግእዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ፈተና ካለዎት ግን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፤ አለዚያ ዝባዝንኬ ነው የሚወጣው። ለ10 ኃይል 3፣ 10 ብለው ኮፍያ የመሰለችውን ምልክት ያስከትሉና 3 ይጻፉ፤ ከፊትም ከኋላም የዶላር ምልክት ይድረግበት። ከማባዛትዎ በፊት ታዲያ ያቺ 3 ላይ መውጣቷን ይዩልኝ።