ስለ አይሁድ እምነት ጠይቁኝ፦ ኦሪቱ፣ ሰንበቱና የምድጃው እሳት

እንደተባባልነው ዛሬ የቡድናችን አባላት ስለ አይሁድ እምነት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ጎንደር ገጠር ከቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰብ ተወልጄ አሁን የምኖረው እስራኤል ነው። አንድ ነገር አደራ፦ አንዲት የኦሪት ጥቅስ ነጥላችሁ «አይሁድ እንዲህ ያምናሉ» አትበሉ።

ጥያቄ፦ የእምነቱ መሠረት ባጭሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር አንድ ነው። ዘዳግም 6፥4 ላይ ያለው «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» ጠዋትና ማታ ይደገማል። ራምባም (ማይሞኒደስ) የሚባለው የአይሁድ ሊቅ በ12ኛው መቶ ዘመን 13 የእምነት መሠረቶችን ዘርዝሯል። የዕለት ኑሮውን የሚይዘው ግን ትእዛዙ ነው። ትእዛዛቱ 613 ናቸው ይባላል፤ 248ቱ «አድርግ»፣ 365ቱ «አታድርግ» የሚሉ።

ጥያቄ፦ መሲሑስ?

መልስ፦ ገና ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ለክርክር ከሆነ አልገባበትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኦሪት እያለ የአይሁድ መምህራን (የራቢዎች) የሕግ ትርጓሜ የሆነው ታልሙድ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ዘጸአት 35፥3 በሰንበት እሳት አታንድዱ ይላል። የተከለከለው መለኮሱ ነው? ወይስ ዓርብ የተለኮሰውም መጥፋት አለበት? ጥቅሱ ብቻውን አይነግርህም።

ራቢዎቹ «የተከለከለው መለኮሱ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የበራ ይብራ» አሉ። ለዚህ ነው ዓርብ ማታ የሰንበት ሻማ የሚበራው። የእኛ ቄሶች ያስተማሩን ሌላ ነው። አያቴ ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምድጃው ላይ ውሃ ታፈስ ነበር። ፍሙ ችስስ ይላል፣ አመዱ ቡን ይላል፣ ከዚያ ቤቱ ይጨልማል። ቅዳሜ የምንበላው ዓርብ የተጋገረ ዳቦና የቀዘቀዘ ወጥ ነው። ዛሬ ባለቤቴ ድስቱን ዓርብ ከሰዓት ፕላታ (ሰንበትን ሙሉ ምግብ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) ላይ ትጥደዋለች፤ ቅዳሜ ዶሮ ወጡ ትኩስ ነው።

አያቴም ባለቤቴም የጠበቁት ያንኑ ጥቅስ ነው። ትርጓሜ የሌለው ቤት የለም። የራቢዎቹ በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ ሚሽና ሆኖ ተሰበሰበ፤ ታልሙድ በእሱ ላይ ተሠራ። የእኛ በቄሶች አፍና በግዕዝ መጻሕፍት ነው የቆየው። ስለ ሰንበት የሚናገር «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍ አለን። ለዚህ ነው አንዲት ጥቅስ አትነጥሉ የምለው።

አባል ከነታንያ፦ ትክክሎቹ አያቶቻችን ናቸው። ፕላታ እሳት አይደለም እንዴ?

አባል ከአሽዶድ፦ ወንድሜ፣ ታዲያ ዓርብ ማታ መብራቱንም ታጠፋለህ? ልጆችህ ትምህርት ቤት የሚማሩትን ቤት ውስጥ ልታፈርስባቸው ነው?

አባል ከነታንያ፦ ልጆቼ የቄሶች ዘር መሆናቸውን እንዲያውቁ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ እባካችሁ፣ ይሄ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው።

ጥያቄ፦ ወተትና ሥጋ ለምን አይቀላቀልም?

መልስ፦ ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል የሚለው ኦሪት ውስጥ 3 ጊዜ ተጽፏል። ራቢዎቹ ከዚያ ተነስተው ሥጋና ወተትን ጨርሶ ለዩ፤ ዶሮንም ጨመሩ። ስለዚህ የእኛ ቤት ዶሮ ወጥ ቅቤ የለውም፣ በዘይት ነው። ደግሜ እላለሁ፦ ጥቅሱን ብቻ ብታነብ እዚህ አትደርስም።

ጥያቄ፦ ስለ አይሁድ ሁሉንም ንገረን።

መልስ፦ ምኑን? ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የፈላሾች ስግድ ምንድን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ፣ ያ ቃል ስድብ ነው፤ ቤተ እስራኤል በል። ስግድ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) በ50ኛው ቀን የሚውል በዓላችን ነው። በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ኪዳኑን እንዳደሰ እኛም እናድሳለን። ድሮ ጎንደር አካባቢ ባለችው አምቦበር መንደር ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ሲወጡ ሕዝቡ ጾሞ ይከተል ነበር፤ ከጸሎቱ በኋላ ወርዶ ይበላ፣ ይዘፍን ነበር። አሁን በዋናነት የሚከበረው ኢየሩሳሌም ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል ሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል። ወላጆቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው የጸለዩትን ጸሎት ልጆቻችን እዚያው ቆመው ሲሰሙት እንባዬ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ኦሪት ካላችሁ ታልሙድ ምን ያደርግላችኋል?

መልስ፦ መልሼዋለሁ። ስለ አያቴ ምድጃ የጻፍኩትን አንብበው።