ዳገት ላይ ጥቁር የሚያጨስ ፒካፕ

ጥያቄ፦ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ አለኝ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ጥቁር ጭስ ይለቃል። «ለዓመታዊው ምርመራ ፖምፓውን አስቀንስ፤ ካለፍክ በኋላ ታስጨምረዋለህ» ተባልኩ። ዩሮ የሚሉት ደረጃስ እኔን ይመለከታል?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ፖምፓው ወደ ሞተሩ የሚልከውን ናፍጣ ያስቀንሱት፤ መልሰው ግን እንዳያስጨምሩት! ጥቁር ጭስ በቅጡ ሳይቃጠል የቀረ ናፍጣ ነው፤ ገንዘብዎ በጭስ ማውጫው እየወጣ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በሩብ ያህል ይሳሳል። ፖምፓው ለቆላ የሚሆነውን ናፍጣ እዚያ ከሰጠ ማቃጠያ ኦክስጅን ከየት ይመጣል? ዳገቱን በእግራቸው የሚወጡት ተማሪዎች ያንን ጥላሸት ይተነፍሱታል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አስቀድመው የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ወደ ፀሐይ ይያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀይሩት። ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ሲገባው የሚያንጠባጥብ ኖዝልም ያጨሳል፤ ያስፈትሹት።

ዩሮ የመኪና አምራቹን የሚያስገድድ የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ ነው። ዩሮ 1 ለናፍጣ አውቶሞቢል በኪሎ ሜትር 0.14 ግራም ጥላሸት ሲፈቅድ፣ ዩሮ 5 ወደ 0.005 አወረደው። አሮጌ ሞተር በጥገና ዩሮ 5 አይሆንም፤ ጤነኛ ሆኖ ግን ጥቁር ጭስ ሊያበዛ አይገባም። ጭሱ ወደ ሰማያዊ ካደላ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነውና፣ ፖምፓውን ሳይነኩ ሞተሩን ያስመርምሩ።