መሀሉ ለሰመጠባችሁ ልጆቼ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የጋገረችውን የሙዝ ዳቦ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። መሀሉ ጉድጓድ ሆኗል። «ጋሼ፣ ስልኩ ላይ እንደተጻፈው ነው ያደረግሁት፤ ምን አጠፋሁ?» ትላለች።

ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የተራራው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስልክ ላይ የምታገኙት አሠራር ደግሞ አብዛኛው የተጻፈው ቆላ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ጋ አየሩ ሳሳ ይላል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣውን ጋዝ በደንብ የሚጫነው የለም። ስለዚህ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል። ዱቄቱና እንቁላሉ በስለው ሳይጠነክሩ ከፍ ይልና፣ የሚይዘው ሲያጣ ዝርግት ይላል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይሄዳል።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ በሆቴል ኬክ ክፍል ሠርቻለሁ። ይህን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደብተር ይዤ፣ ስንቱን እያበላሸሁ ነው የደረስኩበት። እናንተም ደብተር ያዙ።

የኔ ደብተር የሚለው እንዲህ ነው። 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 3 መካከለኛ ሙዝ፣ 2 እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ትንሽ ጨው። ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ያውም ሳይቆለል ላዩ የተስተካከለ። ቆላ ቢሆን 2 ይገባ ነበር። ኦቨኑን 190 ዲግሪ አሙቁት፤ ከ50 ደቂቃ በኋላ ስቴኪኒ ሰክታችሁ ስታወጡት ሊጥ ካልያዘ በስሏል። ቀረፋ ብዙዎች ይጨምራሉ። እኔ ግን የተፈጨ ኮረሪማ እወዳለሁ፤ ቁንጥር ታህል ይበቃል።

አሁን ወደ እጃችሁ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው፣ ምክንያቱም የድፎ ልጆች ነን። እናቴ ድፎ ስታቦካ እስክትደክም ታሸው ነበር፤ እኔም ዳቦ ማለት ክንድ ማለት መስሎኝ አደግሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሙዝ ዳቦ ሥራ ተባልኩና ሊጡን እንደ ድፎ ደቆስኩት። ሲወጣ ላዩ ያምራል። አለቃዬ በቢላ ከፈለውና ውስጡን አሳየኝ። ምስጥ የበላው እንጨት ነበር የሚመስለው፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ቀዳዳ በቀዳዳ። ሲታኘክ ደግሞ ጎማ። አለቃዬ ምንም አልተናገረም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በእርሾ የሚነሳ ዳቦ መታሸት ይወዳል። የስንዴው ጅማት ሲጠነክር ነው ጋዙን ለሰዓታት የሚይዘው። ይሄኛው ግን ጅማት አይፈልግም። እርጥቡን ለብቻ፣ ደረቁን ለብቻ አዘጋጁና በማንኪያ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ አዋህዱት። ደረቅ ዱቄት ካልታየ እጃችሁን አንሱ። ትንሽ ቢጓጉል ተዉት። ከዚያ በኋላ ወዲያው ወደ ኦቨን! ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ሙዝ ዳቦ ላይ ግን የምታፍሰው የዘገየችው ናት።

ሙዙን በተመለከተ፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ አለላችሁ፤ ሌላ አትመኙ። ግን ቢጫው አይደለም የሚፈለገው። ጠቃጠቆ የያዘው፣ ልጣጩ የጠቆረው፣ ባለሱቁ ሊጥለው ያሰበው ነው። ሙዝ ሲበስል በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ መዓዛውም ያኔ ነው የሚመጣው። በሹካ ስትጫኑት ካልፈረሰ ሁለት ቀን ጠብቁት።

ለጾም ከሆነ እንቁላሉንና ወተቱን ተዉት። በምትኩ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ትንሽ ውሃ ጨምሩ። ከፍታው እንደ ፍስኩ አይሆንም፤ ጣዕሙ ግን አያሳፍርም።

መብራት ቢሄድባችሁ የኦቨኑን በር እንዳትከፍቱ። 40 ደቂቃ ካለፈው በያዘው ሙቀት ሊጨርስ ይችላል። 15 ደቂቃ ላይ ከሆነ ግን ተስፋ ቁረጡና ሻይ አፍሉ።

የእህቴ ልጅ ፓውደሩን በግማሽ ቀንሳ እንደገና ጋገረች፤ ቀጥ ብሎ ወጣላት። እኔ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ የጋገርኩት ሰመጠ። ሙዞቹ ትልልቅ ነበሩ፣ አሳዘኑኝና አራተኛ ጨመርኩ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።