ማርስ ላይ ባዮሎጂ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ልጅ ማርስ ላይ ሲሰፍር በሥራው የመሳተፍ ሕልም አለኝ። ጓደኞቼ ኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ካልተማርሽ አይሆንልሽም ይሉኛል። ቤተሰቦቼ ደግሞ ሐሳቡን ቅዠት ነው ብለው ይስቁብኛል። ዲፓርትመንት ልቀይር ወይስ ሐሳቤን ልተው?

እህቴ፣ ዲፓርትመንትሽን አትቀይሪ። ሐሳብሽንም አትተዪ።

ጓደኞችሽ የሚያስቡት ጉዞውን ነው። ለጉዞው እርግጥ የሮኬት መሐንዲስ ያስፈልጋል። አንቺ የጻፍሽልኝ ግን ስለ መስፈር ነው። መንገዱ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው፤ መተንፈስ፣ መጠጣት፣ መብላት፣ ሲታመሙ መታከም። እዚህ ላይ ባዮሎጂ የማይገባበት ቦታ ቢፈለግ አይገኝም።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ ስምንት ሰዎች ባዮስፌር 2 በሚባል ግዙፍ የመስታወት ሕንፃ ገብተው በሩ ታሸገ። ለሁለት ዓመት ምግባቸውን ራሳቸው እያመረቱ፣ አየሩንም ዕፅዋቱ እያደሱላቸው ሊኖሩ ነበር ዕቅዱ። ከወራት በኋላ ሰዎቹ ድካም ድካም ይላቸው ጀመር። ደረጃ መውጣት ከበዳቸው። ኦክስጅኑ 21 በመቶ ገደማ የነበረው ቀስ እያለ ወደ 14 በመቶ ወርዶ ነበር። በመጨረሻም ከውጭ ኦክስጅን ማስገባት ግድ ሆነ።

ኦክስጅኑን የበላው ማን ነበር? የአፈር ባክቴሪያ። ሰብሉ ደህና እንዲያድግ ተብሎ የገባው አፈር ብስባሽ የበዛበት ነበር። ባክቴሪያው ያን ብስባሽ እየበላ ኦክስጅኑን ጨረሰው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ኦክስጅን እንዲህ ሲያልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያው ልክ መጨመር ነበረበት፣ ግን ያን ያህል አልጨመረም። ተመራማሪዎች ሲያጣሩት ለካ የሕንፃው ኮንክሪት እየመጠጠው ኖሯል! ዕፅዋቱ መልሰው ኦክስጅን ሊያደርጉት የሚችሉት ጋዝ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቀረ። አፈሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን አይደርስበትም፤ ኮንክሪቱን ብቻ ያየም እንዲሁ። ሰፋሪዎችን በሕይወት የሚያቆየው ሁለቱን አገናኝቶ የሚያይ ባለሙያ ነው። እኔ አንቺን የማይሽ እዚያ ቦታ ላይ ነው።

አሁን ማርስን አስቢው። አየሩ 95 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ግፊቱ ደግሞ ከምድር አየር ግፊት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ፐርሰቪራንስ የተባለችው ሮቨር (ማርስ ላይ የምትንቀሳቀስ ተሽከርካሪ) ከዚያ አየር ኦክስጅን የሚያወጣ መሣሪያ ይዛ ነበር። ከ2021 እስከ 2023 በ16 ጊዜ ሙከራ 122 ግራም አወጣ። ትልቅ ስኬት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ገደማ ስለሚፈልግ፣ ያ ሁሉ ኦክስጅን አንድ ሰው አራት ሰዓት አያስተነፍስም። ገና ስንት ሥራ እንዳለ ይታይሽ።

አፈሩም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘችበት። ይህ ጨው የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ያውካል፤ ስለዚህ የማርስን አፈር ሳያጸዱ ሰብል ዘርቶ መብላት አይቻልም። ፐርክሎሬትን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች ግን አሉ። እዚህ ምድር ላይ በዚሁ ጨው የተበከለን የከርሰ ምድር ውሃ ለማጣራት እየተሠራባቸው ነው። ለቤተሰቦችሽም የምትነግሪያቸው ይህንን ነው። ሰው ማርስ ላይ የሚሰፍርበትን ቀን ማንም ቆርጦ ሊነግርሽ አይችልም፤ ኑሮሽን በዚያ ላይ አትመሥርቺ። የውሃ ማጣሪያ፣ የግሪንሃውስ እርሻ፣ የፍሳሽ ማከሚያ ግን ዛሬም ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ዕውቀቱ ያው ነው።

በ2023 ናሳ ሂውስተን ውስጥ አራት ሰዎችን የማርስ መኖሪያ ተመስሎ በተሠራ ቤት ውስጥ ለ378 ቀን አስቀምጦ ነበር። ተመራማሪ ሳይንቲስት፣ የሕንፃ መዋቅር መሐንዲስ፣ የድንገተኛ ክፍል ሐኪምና ማይክሮባዮሎጂስት (የረቂቅ ተሕዋስያን ባለሙያ) ነበሩ። ይህን ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው።

ስለዚህ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ወደ ማይክሮባዮሎጂ አዘንብዪ። ከኬሚስትሪና ከስታቲስቲክስ አትሽሺ። እጅሽንም አፍታቺ፤ ፓምፕ መፍታት፣ ሴንሰር መበየድ፣ የሚያፈስ ቱቦ ማጥበቅ ተማሪ። ከማርስ የተላከ መልእክት ምድር ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። አየር ማጣሪያው ቀጥ ሲል ደውሎ መጠየቅ የለም። በበኩሌ ከዲግሪው እኩል ትልቅ ቦታ የምሰጠው ይህንን ነው። ብዙ ጎበዝ ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ሲያይ ቴክኒሻን ይጠራል። አንቺ አብረሽው ጎንበስ በዪ።

ጠፈርተኛ መሆንን በተመለከተ፣ ናሳ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፤ ሌሎች ድርጅቶችም በአብዛኛው የየራሳቸውን ወይም የአባል አገሮቻቸውን ሰው ነው የሚመለምሉት። በምርምሩ በኩል ያለው በር ሰፊ ነው። ማስተርስና ፒኤችዲ ስትፈልጊ ስለ ዝግ ሥርዓተ ምህዳርና ስለ ሕይወት ማቆያ ሥርዓት የሚሠሩ መምህራንን ፈልጊ፤ የጻፉትን አንብበሽ ቀጥታ ጻፊላቸው።

እስከዚያው ግን በዚህ ሴሚስተር የምትሠሪው ነገር ልስጥሽ። ሁለት ትልልቅ የመስታወት ማሰሮዎች አግኚ። በሁለቱም ብስባሽ ያለበት እርጥብ አፈር ጥቂት ጨምሪ። ብዙ ከሆነ ጋዙ ሴንሰሩ ከሚለካው በላይ ይሄድብሻል። በአንደኛው ብቻ የተሰባበረ አዲስ ኮንክሪት አስቀምጪ። በየማሰሮው ርካሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር አስገብተሽ አሽጊያቸው። ጠዋትና ማታ ቁጥሩን መዝግቢ። ሦስት ሳምንት ሲሞላው የሁለቱን ግራፍ ላኪልኝና ለመመረቂያ ጽሑፍሽ እንዴት እንደምታሳድጊው አብረን እናየዋለን።