ከታንኩ የጠፋው ዘይት የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከአባቴ የወረስኩት አሮጌ ቢኤስኤ ኤም 20 ሞተር ሳይክል አለኝ። ጅማ ዝናብ ከያዘ ጭቃው ስለማያስነዳ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆማል። ከዚያ የዘይት ታንኩን ስከፍት ግማሹ የለም፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ሞልቼ ሳስነሳው ሰፈሩን በጭስ አፈነው። ጎረቤታችን እትዬ "ቡና አረረባችሁ እንዴ?" ብለው ወጡ። መካኒኩ ሞተሩ ወርዶ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየር ይላል። ላስወርደው?
ከሄርማታ

መልስ፦ ኧረ ቆይ፣ አታስወርደው! ዘይቱ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፣ ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ። የዚህ ሞተር ዘይት ለብቻው ታንክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፖምፓው በአንድ በኩል ወደ ሞተሩ ይልካል፣ በሌላው ደግሞ ከኮፓው ስቦ ወደ ታንኩ ይመልሳል። ታንኩ ከፖምፓው ከፍ ስለሚል፣ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ በራሱ ክብደት እንዳይወርድ የምትዘጋ፣ ሞላ ከኋላ የሚገፋት ትንሽ የብረት ኳስ አለች። መቀመጫዋ ላይ ቆሻሻ ከገባ ወይም ሞላው ከደከመ ዘይቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ያፈናችሁም እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮፓውን ሳታፈስ ታንኩን በጭራሽ አትሙላ።

አሁን ጥፋቱ የት እንደሆነ ለየው። ሞተሩን ነድተህ አሙቀው፣ አጥፋው፣ ኮፓውን ወዲያው አፍስስ። አንድ ሁለት የቡና ስኒ ከወጣ ደህና ነው። ብዙ ከወጣ ግን ጥፋቱ መመለሻው ላይ ነው። የኮፓውን ክዳን ፈትተህ የመሳቢያውን ቱቦ እይ፤ እዚያም ኳስ አለች፣ በቀጭን ሽቦ ወደ ላይ ስትገፋት ተመልሳ ቂው ብላ መውደቅ አለባት። ዝም ካለች ተጣብቃለች፣ በቤንዚን እጠባት።

ወዲያው ሲፈስ ትንሽ፣ ከሳምንታት በኋላ ብዙ ከሆነ የመጀመሪያዋ ኳስ ናት። አውጣት፣ መቀመጫዋን በደንብ አጽዳ። ከተጫረች ቀይራት፤ መቀመጫዋ ላይ አድርገህ በነሐስ ዘንግ አንዴ ቀስ ብለህ ምታት፣ በደንብ እንድትገጥም። ሞላውም አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን መለጠጥ አይሰራም። የፖምፓው ጥርሶች ከተበሉ ግን ወር ሙሉ ሲቆም ትንሽ መውረዱ አይቀርም፣ ከማስነሳትህ በፊት ታፈሳለህ፣ አለቀ።

ሌላው "ከታንኩ ሥር ቧንቧ ግጠምና ዝጋው" ይልሃል። እኔም ገጥሜ ነበር። አንድ ጠዋት ቸኩዬ ሳልከፍተው ወጣሁ፤ ብዙም ሳልርቅ ፒስተኑ ነክሶ ቀጥ አለ። ያኔ ነው ሞተር ያስወረድኩት።