ነብር የምትወዱ ከሆነ ከፍየሉ በረት ጀምሩ

ልጆቼ፣

ከደብረ ሲናም፣ ከአንኮበርም፣ ከመሐል ሜዳም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «አንበሳውም ነብሩም እየጠፋ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» ትላላችሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእንስሳት ሐኪምነት ነው። መልሴ ፍየል ፍየል ቢሸት አይግረማችሁ።

አንበሳ ፈላጊ ወደ አዋሽ፣ ወደ ባሌው ሐረና ጫካ ወይም ወደ ጋምቤላ ይሂድ። የእኛ የሰሜን ሸዋ ባለቤት ነብር ነው። ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ጥዱና ዝግባው መሐል፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ባለው ገደል ይኖራል። እኔ እንዳየሁት ይህን ነብር የሚያስገድለው ብዙውን ጊዜ የቆዳ ገበያ ሳይሆን አንዲት ፍየል ናት። ለባለቤቷ ያቺ ፍየል የልጅ ደብተርና የማዳበሪያ ዕዳ ናት። እሱ ፊት ቆማችሁ «ነብር እኮ ብርቅ ነው» ብትሉት ቢቆጣችሁ አልፈርድበትም።

ፍየል በተበላ ቁጥር «ነብር ነው!» ይባላል። እስቲ ረጋ በሉ። ጅብም፣ የሰፈር ውሻም ሊሆን ይችላል። በድኑ ከተገኘ አንገቱን እዩ። ነብር ጉሮሮ ይዞ ነው አንቆ የሚገድለው። ጸጉሩን ገለጥ ስታደርጉ የክራንቻ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ቆዳው ሲገፈፍ ከሥሩ ደም ቋጥሮ ከጠቆረ፣ ፍየሏ የተነከሰችው በሕይወት ሳለች ነው። ደም ካልቋጠረ ቀድማ ሞታለች፤ የበላት የደረሰባት ሁሉ ነው። ጅብ ደግሞ አጥንት ሳይቀር ያደቅቃል። ዱካም ይናገራል። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ የጅብና የውሻ ዱካ ላይ ግን ጥፍሩ ይታያል። ብቻ ጓንት ሳታደርጉ እንዳትነኩ። ንክሻ የሌለበትን በድን ደግሞ ጨርሶ አትክፈቱ፤ በአባ ሰንጋ ቀልድ የለም።

ይህን ሁሉ የምለው መርዝ ስለምፈራ ነው። የተናደደ ሰው በድን ላይ መርዝ ይነሰንሳል። መርዙ ጥፋተኛ አይመርጥም። ጅቡን፣ ጥንብ አንሳውን፣ የጎረቤትን ውሻ ይጨርሳል፤ ነብሩ ምናልባት ዝርም አላለም።

ከንዴቱ በፊት በረቱን እንይ። ለጅብ የታጠረ አጥር ለነብር አይበቃም። ጅብ በሥር ይገባል፣ ነብር ግን አጥሩ ላይ ይወጣል፣ ይዘላል። ስለዚህ ጠንካራ የድንጋይ ካብና ከላይ ክዳን ያስፈልጋል። ለነብር አንድ ነገር ላድርግ የምትሉ፣ ሰብሰብ ብላችሁ ገንዘብ አዋጡና የአንዲት ባልቴት በረት ክደኑ። ፎቶው ብዙ ላይክ አያመጣም፤ ይሁን።

ገበሬውን ስታነጋግሩ ነብር የሚያድነውን ዝንጀሮም አንሱ። ማሳ የሚጠብቅ ሰው ስለ ዝንጀሮ ለማውራት አይሰንፍም። በምዕራብ አፍሪካዋ ጋና፣ አንበሳና ነብር በተመናመኑባቸው ጥብቅ ቦታዎች ዝንጀሮ በዝቶ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ማሳ እስከመጠበቅ ደርሰዋል። ደንብ ማውጣቱን ደግሞ መንዞች ያውቁበታል። ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር መሬታቸውን፣ ቄሮ በተባለ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት አቆይተውታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ መልሶ ጥበቃውን በእጁ አስገብቷል። ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያስተምሯችኋል።

ስልካችሁ ላይም ሥራ አለ። በዱር የቀረው አቦ ሸማኔ በዓለም ዙሪያ 7,000 ገደማ ነው። ግልገሎቹ ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከአካባቢው እየተያዙ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ገልፍ አገሮች ይሸጣሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ሀብታም ቤት ሶፋ ላይ የተኛ ግልገል ቪዲዮ ሲመጣላችሁ ምንም ያህል ቢያሳሳ ሼር አታድርጉ፤ ለነጋዴው ነፃ ማስታወቂያ ነው። የነብር ፎቶ ካነሳችሁም ቦታውን አትጻፉ።

የመጨረሻው የራሴ ሙያ ነው፤ ውሻ ማስከተብ። በ1994 እ.ኤ.አ. የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ውስጥ የውሾች በሽታ የሆነው ዲስቴምፐር አንበሶች ውስጥ ገብቶ 1,000 ያህሉን ፈጀ፤ ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾች መከተብ ጀመሩ። የእኛም ውሻ ከደኑ ጥግ ይውላል፣ ነብርም ውሻ ይበላል። ስለዚህ የክትባቱን ቀን ከወረዳው ጠይቁ፤ የሰፈሩንም ውሻ ይዛችሁ ኑ። ገመድ አትርሱ። ያልታሰረ ውሻ አሳድጄ የምይዝበት ጉልበት ከእንግዲህ የለኝም።